ለሠላሳኛው ቀን የደረሰ ሌባ

ዓርብ ጠዋት፣ ሲግናል አካባቢ የሚገኘው የኮረብታ መንደሮች ግንባታ ክትትል ጽሕፈት ቤት በሌባ ተደፈረ ተብሎ ለጣቢያው ተደወለ። ኢንስፔክተር ምንያህል ሳጅን ፌበንን አስከትሎ ሲደርስ የመዝገብ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የተቆረጠ ጓጉንቸር መሬት ላይ ወድቋል፤ ሠራተኛው በሙሉ ደግሞ ሥራ ፈቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። ገና ያልተፈታ ፕሪንተር ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሌባው ይህን ሁሉ ንቆ አንድ ፋይል ብቻ ይዞ ሄዷል።

ምንያህል በፖሊስነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ስልክ የሚመነትፍ፣ የመኪና ስፖኪዮ የሚነቅል፣ የሰው ቤት ቆርቆሮ ከነሚስማሩ አውልቆ የሚሄድ ሌባ ያውቃል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሰብሮ ወረቀት የሚሰርቅ ግን ገጥሞት አያውቅም። ሰው ከእንዲህ ያለ ቤት አንዲት ወረቀት ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ስለሚያውቅ፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ለሌባው ትንሽ አዝኖለት ነበር።

«ሰማንያ ሦስት ቁጥር ፋይል ነው» አሉ አቶ ለይኩን፣ መደርደሪያው ላይ በሰማንያ ሁለትና በሰማንያ አራት መካከል የተፈጠረውን ክፍተት እያሳዩ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው የሚያስሩ መሐንዲስ።

«ምን ነበረበት?»

«የአንድ ድጋፍ ግንብ የምርመራ ሪፖርት። ግንቡ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ገደሉ ሥር የነበረ ነው። ባለፈው ክረምት ተንዶ የአንድ ሰው ሕይወት ጠፍቷል።»

«ኮፒ የለውም?»

«ኮፒ ለማድረግ አስበን ነበር።»

ፌበን ጓጉንቸሩን በመሐረብ ይዛ አገላበጠችው። በጥሩ መቁረጫ የተቆረጠ ነው። የበሩ ቀለም ግን አልተነካም። ጥበቃውን ስትጠይቀው፣ ሐሙስ ማታ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ አይጥ እንኳ አልገባም ብሎ ማለላት። እንግዲህ ወይ ጥበቃው ተኝቷል፣ ወይ ሌባው ቀድሞውንም ውስጥ ነበር። ምንያህል ሁለቱንም ማስታወሻው ላይ ጻፈና በሁለቱም ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት ኢንስፔክተር» አሉ አቶ ለይኩን። «ከላይ ስለምንጠየቅ፣ ፋይሉ መሰረቁን የሚገልጽ ማስረጃ ከጣቢያችሁ ያስፈልገናል። የእኛ ደብዳቤ ይኸው።»

ደብዳቤው ተጽፎ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ማኅተም አርፎበት ቀርቧል። በዚህ አገር የመንግሥት ሥራ እንዲህ ሲፈጥን ማየት ደስ ይላል። ምንያህልም አልተጠራጠረም። መታወቂያ የጠፋበት፣ ሊብሬ የጠፋበት፣ ዲፕሎማ የጠፋበት ሁሉ በየቀኑ ከጣቢያው የሚወስደው ዓይነት ወረቀት ነው። ከምሳ በፊት ፈርሞ ሰጣቸው።

የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ወንድይራድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጠባብ ቢሮ አለው። ምንያህል ፋይሉን የሚፈልግ ሰው ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቀው ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«አንድ ሰው ብቻ ናት። ሰዓዲያ ትባላለች። ግንቡ የተናደው በእሷ ቤት ላይ ነው፤ የሞተውም ባሏ ሁሴን ነው። የሪፖርቱ ኮፒ ይሰጠኝ ብላ የመረጃ ጥያቄ አስገብታለች።»

«ለምን አልሰጣችኋትም?»

«አልከለከልናትም እኮ» አለ ወንድይራድ ቅር ብሎት። «ፕሮሰስ ላይ ነው። ለእኔ ገባ፣ እኔ ለኃላፊው መራሁት፣ ኃላፊው ለሕግ ክፍል መሩት፣ ሕግ ክፍል የባለሙያ አስተያየት ይሰጥበት ብሎ ለእኔ መለሰው። እኔ ባለሙያ አይደለሁማ፣ ስለዚህ እንደገና ለኃላፊው...»

ምንያህል እጁን አነሣ። ራሱን ያመው ጀምሯል። «ሕጉ ስንት ቀን ይሰጣችኋል?»

«ሠላሳ። ሰኞ ያልቃል። ዝም ካልናት ለእንባ ጠባቂ አቤት ትላለች። ሰነዱ እጃችን ላይ ከሌለ ግን፣ ለምን እንደሌለ አስረድተን እንመልስላታለን።» ወንድይራድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማክሰኞ መጥታ ጮኻለች። 'ካልሰጣችሁኝ ራሴ ገብቼ አወጣዋለሁ' ብላለች። ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ለመርማሪ ከዚህ በላይ ምን ይምጣለት? የሚፈልግ ሰው፣ የዛተ ሰው፣ የተሰረቀ ዕቃ። ምንያህል ፌበንን ጠርቶ በእግራቸው ወረዱ።

ሰዓዲያ እዚያው ሲግናል የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት። ጀሪካንና መታጠቢያ ሳህን ስትደረድር ደረሱባት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ ሥር ግን ከዚያ ይበልጣል።

«ራሴ አወጣዋለሁ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«ሐሙስ ማታ የት ነበርሽ?»

«አያት። ቤት የተከራየሁት እዚያ ነው። ጎረቤት ለቅሶ ስለነበር ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ሙሉ ሠፈሩን ይጠይቁ።» ከዚያ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ተሰረቀ ነው የሚሉኝ?»

«ጠፍቷል።»

ሰዓዲያ አልጮኸችም። ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። ምንያህል ሲዋሹ ብዙ ሰው አይቷል፤ ይህ ግን የዚያ ዓይነት አልመሰለውም።

«ወረቀቱ ይህን ያህል ለምን አስፈለገሽ? ለካሳ ነው?»

«ካሳ ይቅርብኝ።» ድምፗ ቀጥ ያለ ነው። «ሰኔ ላይ የውሃ ታንከር ገዛሁ። ሺህ ሊትር። ሁሴን ቦታ የለንም ሲለኝ እኔ ነኝ ግንቡ ሥር ያስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ ላይ ግንቡ ተናደ። ከመሥሪያ ቤቱ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሰዎች፣ ከታንከሩ የፈሰሰው ውሃ ነው መሠረቱን የሸረሸረው ብለው ተናገሩ። እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ እናቱ እየሰሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቤት እየኖርን አያናግሩኝም። መንደሩም ባሏን የገደለች ይለኛል።»

ፌበን ወደ መንገዱ ዞራ ቆመች።

«ገድዬው ከሆነ ልወቀው» አለች ሰዓዲያ። «ካልገደልኩትም ልወቀው። ሌላ የምፈልገው የለም። እኔ ሰርቄው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አንብቤው ነበር፤ እንዲህ ሆኜ አያገኙኝም ነበር።»

ለቅሶው እውነት ሆኖ ተገኘ። ስለ ሰዓዲያ ሲጠየቅ አንድ ሠፈር ሙሉ ሰው፣ ሐሙስ ማታ ለሐዘንተኞች ውሃ ስታቀርብ ነበር አለ። ምንያህል አንድ ተጠርጣሪ ጠፋበት፤ ቅዳሜ ግን ሌላ አገኘ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋሽ ሂርጳ ሐሙስ ከሰዓት የዓመት ዕረፍት ወጥተዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች ክፍል ሠርተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕረፍት ጠይቀው ተከልክለው፣ ስርቆቱ ሊታወቅ አንድ ቀን ሲቀረው በድንገት ተፈቅዶላቸዋል። ቤታቸው ተቆልፏል፣ ስልካቸው ተዘግቷል። ፌበን የዕረፍት ፈቃዱን ኮፒ ከሰው ኃይል ክፍል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ቁልፉ የእሳቸው ነው። ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሰውየውም የሉም» አለች።

«ቁልፍ ያለው ሰው ጓጉንቸር ለምን ይቆርጣል?»

«ቁልፍ የሌለው ሰው ለመምሰል።»

«ለሃያ ሁለት ዓመት ያልሰረቀ ሰው ይህችን ወረቀት ምን ሊያደርጋት?»

ፌበን ትከሻዋን ሰበቀች። ሁለቱም ግራ ገብቷቸው ቅዳሜና እሑድን ሽማግሌውን ሲያፈላልጉ ዋሉ። የሚያውቃቸው ሁሉ «ጨዋ ሰው ናቸው» ይላል፤ የት እንደሄዱ የሚያውቅ ግን የለም።

ሰኞ ከሰዓት ሰዓዲያ ጣቢያው ድረስ መጣች። ሳትቀመጥ ሁለት ወረቀት ዘረጋችለት። አንደኛው የመሥሪያ ቤቱ መልስ ነው። የጠየቁት ሰነድ በስርቆት የጠፋ በመሆኑ ልንሰጥዎ አንችልም፣ የፖሊስን ማስረጃ አባሪ አድርገናል ይላል። ሁለተኛው አባሪው ነው።

«ይሄ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለችው።

ምንያህል አየው። የእሱ ነው።

«ነው።»

«እንግዲህ ተዘጋ ማለት ነው። ፖሊስ ጠፍቷል ካለ ማን የለም፣ አልጠፋም ይላል?» ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ወጣች።

አፈረ። ሰው የማያየውን እፍረት ነው ያፈረው፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌባ ሲያስር የኖረ ሰው፣ ምኑን እንደዘጋ ሳያውቅ በገዛ እጁ በር የዘጋ መሰለው። አቶ ለይኩን የጻፉለትን ደብዳቤ አወጣና ከዕረፍት ፈቃዱ አጠገብ አስቀምጦ ደጋግሞ አነበበው። ምንም አልታየውም።

ፌበን ከትከሻው በላይ አጎንብሳ ቆየችና ጣቷን አሳረፈች።

«ቁጥሩን ይዩት።»

«ምን ሆነ?»

«ጋሽ ሂርጳ ሐሙስ ዕረፍት የወጡበት ደብዳቤ አራት መቶ አሥራ አምስት ነው። አቶ ለይኩን ዓርብ የጻፉልን ደብዳቤ አራት መቶ ዘጠኝ። እኔ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ ኢንስፔክተር። የወጪ ደብዳቤ ቁጥር በተራ ነው የሚሰጠው፤ ወደ ኋላ አይሄድም።»

ምንያህል ተነሥቶ ኮፍያውን ፈለገ። ኮፍያው ራሱ ላይ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ደርሰው የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን አስከፈቱ። አራት መቶ ዘጠኝ ቁጥር ረቡዕ ዕለት ነው የተያዘው። በጋሽ ሂርጳ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «ለፖሊስ ጣቢያ» ይላል። ጉዳዩ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ ባዶ ቦታ የማይወዱት ሽማግሌ ግን በእርሳስ «ጉዳዩ ወደፊት ይገለጻል ተብሏል» ብለው አስፍረውበታል።

አቶ ለይኩን መዝገቡ ፊታቸው ሲዘረጋ ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ።

«ስርቆቱ ዓርብ ጠዋት ነው የታወቀው» አለ ምንያህል። «እርስዎ ግን ረቡዕ ለፖሊስ የሚጻፈውን ደብዳቤ ቁጥር አስይዘዋል።»

«ደብዳቤ ያለ ቁጥር አይረቀቅም» አሉ በደመነፍስ። ከዚያ ያሉት ነገር ለራሳቸውም ተሰማቸው።

ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ወንጀላቸውን እንኳ ቁጥር ሳያስይዙ መጀመር አልሆነላቸውም።

«ሪፖርቱን አንብቤው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አንብቤ አስቀመጥኩት። በጀት ሲመጣ እናየዋለን ብዬ። ከዚያ ሰው ሞተ። ሴትየዋ ስትጠይቅ ደግሞ... ባልሰጣት እንባ ጠባቂ ይመጣል፤ ብሰጣት እኔ አለቀልኝ። የተሰረቀ ሰነድ ግን ማንንም አያስጠይቅም። ከፖሊስ ማስረጃ ካለው።»

«ሂርጳን ዕረፍት አስወጡ።»

«አዎ።»

«ሐሙስ ሁሉም ሲወጣ እርስዎ ቀሩ፤ ጓጉንቸሩን ቆረጡ።»

«ቆረጥኩ።»

«ፋይሉ የት ነው?»

አቶ ለይኩን ቀና ብለው አዩት፤ ላብ አጥምቋቸዋል። «ኢንስፔክተር፣ ልጆቼን! ቆርጬ ስገባ የለም። ሰማንያ ሁለት አለ፣ ሰማንያ አራት አለ። ሰማንያ ሦስት የለም። እኔ ስርቆቱን ላስመስል ነው የገባሁት፤ ቀድሞ የሰረቀው ሌላ ሰው ነው። አራት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ምንያህል ፌበንን አየ፤ ፌበን ምንያህልን አየች። ሌባው ተይዟል፣ አምኗል፤ የሰረቀው ግን የለም። ምንያህል እንዲህ ያለ ነገር ለአለቃው እንዴት ብሎ እንደሚያስረዳ ማሰብ ጀመረና ተወው። አቶ ለይኩን ወደ ጣቢያ ሲወሰዱ ኮሪደሩ እንደገና በሠራተኛ ሞላ።

ከሰው ኃይል ክፍል የመጣች አንዲት ሴት ናት መንገድ ያሳየቻቸው። የጋሽ ሂርጳ ታናሽ ወንድም እንጦጦ ላይ ለጎብኚ ፈረስ ያከራያል አለች። ማክሰኞ ጠዋት ሽቅብ ወጡ። እንጦጦ ፓርክ መግቢያ ጋ ጭጋጉ ገና አልገፈፈም፤ የባሕር ዛፉ ጫፍ አይታይም። ጋሽ ሂርጳ ካፖርት ደርበው፣ አንድ ቀይ ፈረስ ሰኮናው ላይ የተሰካ ጠጠር እያወጡ ነበር።

«ስልክዎ ተዘግቷል» አለ ምንያህል ራሱን ካስተዋወቀ በኋላ።

«ዕረፍት ላይ ነኛ» አሉ ሽማግሌው። ለእሳቸው ይህ በቂ ማብራሪያ ነው።

«ሰማንያ ሦስት ቁጥር ፋይል ጠፍቷል።»

«ማነው ያለው?»

«ሁሉም። ኃላፊው፣ ሕዝብ ግንኙነቱ፣ እኔም በደብዳቤ።»

ጋሽ ሂርጳ የፈረሱን እግር አስቀመጡና እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ። «አልጠፋም እኮ» አሉ። «ምን መጥፋት አለ? እኔ ቤት ወረቀት አይጠፋም።»

«ቦታው ላይ የለም ጋሽ ሂርጳ።»

«ቦታው ላይማ እንዴት ይኖራል? ጥያቄ ቀርቦበታል። አንድ ሰው ስለ አንድ ጉዳይ ሲጽፍ፣ አሮጌው ፋይል ከመደርደሪያው ተነሥቶ ከአዲሱ ደብዳቤ ጋር ነው የሚታሰረው። ኃላፊው ደብዳቤውን ሲከፍት ጉዳዩን አብሮ እንዲያየው። አሠራሩ እንደዚህ ነው፤ እኔ ስቀጠርም እንደዚህ ነበር።»

«ታዲያ የት ነው?»

«ከሴትየዋ ጥያቄ ጋር። በስሟ አዲስ ፋይል ከፍቼ 'ሰ' መደርደሪያ ላይ፣ መስኮቱ ሥር አኑሬዋለሁ። ደብዳቤዋ የገባ ቀን ነው ያያያዝኩት።»

ፌበን አፏን በእጇ ያዘች። «ግን እኮ ጥያቄው ስንት ቢሮ ዞሯል!»

«የዞረው መሸኛው ነው፣ የላዩ ወረቀት። እያንዳንዱ ይመራበታል፣ ይፈርምበታል፣ ይልከዋል። ፋይሉን አምጣ ያለኝ የለም።» ሽማግሌው ለአፍታ አሰቡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ቀስ እያለ ወደ ኀዘን ተለወጠ። «ሠላሳ ቀን ሙሉ ማንም አልከፈተውም ማለት ነው?»

ማንም አልከፈተውም። ሁሉም የፈለገው ሰማንያ ሦስት ቁጥርን ነው፤ የጠያቂዋን ፋይል መክፈት ለአንድ ሰው እንኳ በሐሳቡ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ካለው መደርደሪያ አወጡት። ከላይ የሰዓዲያ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ከሥሩ አሥራ አንድ ገጽ ሪፖርት፣ በነጭ ክር ታስሯል።

ምንያህል ዋናውን በኤግዚቢትነት ያዘው። ወንድይራድም ማንንም ሳይጠይቅ፣ ለማንም ሳይመራ፣ ኮፒ አንሥቶ በየገጹ ማኅተም መታበት። «በሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መረጃ የሰጠሁት» አለ። ምንያህል ደግሞ ጣቢያው ተመልሶ የዓርቡን ማስረጃ የሚሽር ደብዳቤ ጻፈ፤ ስህተቱ የራሱ መሆኑን አንድ መስመር ጨምሮበት ፈረመ። ከዚያ አያት ወጣ።

ሰዓዲያ የተከራየችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነው። የሁሴን እናት ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እሱ ሲገባ ቀና አሉ፤ ወደ ምራታቸው ግን አላዩም። ሰዓዲያ ወረቀቱን ተቀበለችና ገለጠችው። ፊደሉ አልያዝ አላትና መልሳ ሰጠችው።

«ያንብቡልኝ።»

ምንያህል ቆሞ አነበበ። ግንቡ ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ሳይተውለት የተሠራ ነው። ከኋላው የሚጠራቀመው የተራራ ጎርፍ መውጫ የለውም። ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት ስንጥቅ ታይቷል። በመጪው ክረምት ሊናድ ስለሚችል ከሥሩ ያሉ ነዋሪዎች ዝናብ ሳይገባ እንዲነሡ ይደረግ። መርማሪው ፈርሟል፤ ጥር ዐሥራ አራት ቀን።

«ቀኑን ይድገሙልኝ» አለች ሰዓዲያ።

«ጥር ዐሥራ አራት።»

«የየትኛው ዓመት?»

«ሁሴን ያረፈበት ዓመት። ግንቡ ሊናድ ስድስት ወር ሲቀረው ነው።»

ሰዓዲያ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም። ምንያህል የት እንደሚቆም ጠፍቶት ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ዘረጋው።

መቁጠሪያው ቆሟል። የሁሴን እናት ምራታቸውን ትክ ብለው እያዩ ነበር።

«ታንከሩን መቼ ነው የገዛሽው?» አሏት። ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ዝምታ ነው የተሰበረው።

«ሰኔ ነው እማ» አለች ሰዓዲያ። «በሰኔ መጨረሻ።»

አሮጊቷ ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን ወር በመቁጠሪያቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፍራሹን በእጃቸው እየተደገፉ ተነሡ፤ ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ አስተካክለው፣ ወደ ምንያህል ቀርበው ወረቀቱን ከእጁ ወሰዱ። ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን ግን በጣታቸው ነኩት።

«ልጄ፣ ይሄን ወረቀት አብዝቶ የሚያወጣ ሱቅ እዚህ ቅርብ አለ?» አሉት። «በየቤቱ ዞሬ ልጄን የገደለችው እሷ ናት ያልኩት እኔ ነኝ። የነገርኩት ሃያ ሦስት ቤት ነው። ሃያ ሦስት ያስፈልገኛል።»